ፕላኔት ለመባል የሚያበቃው ምንድን ነው?

በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ያሉት ፕላኔቶች ስንት እንደሆኑ ሲጠየቅ፣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት የተማረ ሰው ዘጠኝ ይላል፤ ከዚያ ወዲህ የተማረው ደግሞ ስምንት ብሎ ይመልሳል። በሁለቱ መልሶች መካከል ግን ከሰማይ የጠፋም ሆነ ከመንገዱ የወጣ አካል የለም፤ ፕሉቶ ዛሬም እንደ ቀድሞው ፀሐይን በ248 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። የተለወጠው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሰማይ አካላትን የሚመድቡበት መስፈርት ሲሆን፣ መስፈርቱ የጸደቀው ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 24 ቀን 2006፣ በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ በተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው። የሳይንስ ጉዳይ በድምፅ መወሰኑ በወቅቱ ብዙዎችን አስገርሟል፤ አንዳንዶችንም አስቆጥቷል። ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው ግን ጉባኤው ድምፅ የሰጠው በስያሜ ላይ እንጂ በተፈጥሮ ላይ አልነበረም፤ ስያሜው የቆመበት ልዩነት በሰማይ ላይ አስቀድሞ የነበረና ማንም ሊለካው የሚችል ልዩነት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ሲያድግና ሲቀንስ የኖረው ቁጥር

የፕላኔቶች ቁጥር ሲለወጥ የ2006ቱ ውሳኔ የመጀመሪያው አይደለም። የጥንት ሰማይ ተመልካቾች ቦታቸውን ሳይለቁ አንድ ላይ ከሚዞሩት ከዋክብት ለይተው፣ በእነርሱ መካከል ቦታ እየቀያየሩ የሚጓዙ ሰባት ብርሃናትን ያውቁ ነበር፤ እነርሱም ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ናቸው። በዚህ አመዳደብ ፀሐይና ጨረቃ ከፕላኔቶች ሲቆጠሩ፣ ምድር ግን የሁሉ ማዕከል ተደርጋ ስለምትታሰብ ከዝርዝሩ ውጭ ነበረች። ኒኮላስ ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ ማዕከሏ ፀሐይ መሆኗን ካስረዳና ሐሳቡ በሂደት ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ ፀሐይ ከዝርዝሩ ወጥታ ምድር ገባች፤ ጨረቃም የምድር ተከታይ ተብላ ለብቻዋ ተመደበች። በዚህ ጊዜ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ነበር፤ ቀድሞ የሚጠየቀው አካሉ በሰማይ ላይ ይንቀሳቀሳል ወይ የሚል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚዞረው ምንን ነው የሚለው ሆነ።

ቴሌስኮፕ ከተፈለሰፈ በኋላ ዝርዝሩ እንደገና ማደግ ጀመረ። ዊልያም ኸርሽል በ1781 ዩራነስን ሲያገኝ፣ በዓይን ብቻ ከሚታዩት ውጭ ሌሎች ፕላኔቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተረጋገጠ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1801፣ ጁዜፔ ፒያዚ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ሆኖ በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞር አካል አየና ሴሬስ ብሎ ሰየመው። ተመራማሪዎች በእነዚህ ሁለት ፕላኔቶች መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት አንድ ያልታወቀ ፕላኔት መኖር አለበት ብለው ይጠብቁ ስለነበር፣ ሴሬስ ብዙ ሳይከራከሩበት ከፕላኔቶች ተቆጠረ። ነገር ግን በ1802 ፓላስ፣ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ደግሞ ቬስታ በዚያው አካባቢ ተገኙ፤ ሁሉም በኃይለኛ ቴሌስኮፕ ሲታዩ እንኳ ከብርሃን ነጥብነት የማያልፉ ትናንሽ አካላት ነበሩ፤ ኸርሽልም ገና በ1802 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደታወቁ አስትሮይድ የሚል የተለየ መጠሪያ እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ሐሳቡ ወዲያውኑ አልተያዘም፤ አራቱ አካላት ለበርካታ ዓመታት በሥነ ፈለክ መጻሕፍት ውስጥ በፕላኔትነት ሲዘረዘሩ ቆዩ። ሁኔታውን የለወጠው በ1845 የአምስተኛው አካል መገኘትና ከዚያም ተከታዮቹ በየዓመቱ መጉረፋቸው ነው። በ1850ዎቹ የአስትሮይዶቹ ብዛት እያሻቀበ ሲሄድ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፕላኔት ምልክት መስጠት አስቸጋሪ ስለሆነ በተራ ቁጥር መመዝገብ ተጀመረ፤ ሴሬስም ከፕላኔቶች ረድፍ ወጥቶ የአስትሮይዶቹ አንደኛ ሆነ። ለዚህ ጉባኤ አልተጠራም፣ ድምፅም አልተሰጠም፤ ተመራማሪዎቹ ሴሬስ ብቻውን የሚጓዝ ሳይሆን ከብዙ መሰሎቹ አንዱ መሆኑን ሲረዱ አመዳደባቸውን ራሳቸው አስተካከሉ። የፕሉቶ ታሪክም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ፕሉቶ ከግኝት እስከ ጥርጣሬ

በ1846 ኔፕቲዩን ከተገኘ በኋላ፣ የዩራነስ እንቅስቃሴ አሁንም ከስሌቱ ትንሽ እንደሚያፈነግጥ የገመቱ ተመራማሪዎች ሌላ ግዙፍ ፕላኔት መፈለግ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ፐርሲቫል ሎዌል በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ በፍላግስታፍ ከተማ ባቋቋመው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ ፍለጋውን አስጀምሮ ሳይሳካለት ሞተ፤ ሥራውን የቀጠለው ወጣቱ ክላይድ ቶምቦ በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎችን እያነጻጸረ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 ቦታ የቀየረች አንዲት ነጥብ አገኘ። ግኝቱ የሚጠበቀው ግዙፍ ፕላኔት እንደሆነ ስለታመነ፣ ፕሉቶ ዘጠነኛው ፕላኔት ተብሎ ወዲያውኑ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

የፕሉቶ ግምታዊ መጠን ግን ጥናቱ በጠለቀ ቁጥር ማነስ ጀመረ። የአንድን ሩቅ አካል መጠነ ቁስ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን የቁስ ብዛት፣ በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በአብዛኛው የስበት ኃይሉ በሌላ አካል ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በመለካት ነው። ጄምስ ክሪስቲ በ1978 የፕሉቶን ጨረቃ ካረንን ሲያገኝ ይህ ዕድል ተከፈተ፤ ጨረቃዋ በምን ያህል ርቀትና በስንት ቀን አንድ ዙር እንደምታጠናቅቅ ስለታወቀ፣ ከዚያ በመነሣት የፕሉቶን መጠነ ቁስ ማስላት ተቻለ። ውጤቱ ፕሉቶ ከምድር ከ400 ጊዜ በላይ የሚያንስ፣ ከእኛ ጨረቃ መጠነ ቁስ አንድ አምስተኛውን እንኳ የማይሞላ አካል መሆኑን አሳየ። በዚህ ላይ ምህዋሩ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ፣ ከሌሎቹ ፕላኔቶች መንገድ በ17 ዲግሪ የተዘነበለና በጣም የተለጠጠ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ከ1979 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ፕሉቶ ከኔፕቲዩን ይልቅ ለፀሐይ ቀርቦ ቆይቷል።

እነዚህ ባሕርያት ፕሉቶን እንግዳ አደረጉት እንጂ ከፕላኔትነት አላወጡትም፤ ምክንያቱም እስከ 1992 ድረስ ከካረን በቀር በአካባቢው የሚታወቅ መሰል አልነበረውም። በዚያ ዓመት ዴቪድ ጁዊትና ጄን ሉ በሃዋይ ከሚገኘው የማውና ኪያ ተራራ ሆነው ከኔፕቲዩን ባሻገር የሚዞር ሌላ ትንሽ አካል አገኙ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በዚያው አካባቢ የተገኙት በበረዶ የበለጸጉ አካላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። ይህ ሰፊ ቀጣና የካይፐር ቀበቶ ተብሎ ሲጠራ፣ ፕሉቶ የቀበቶው ጎልቶ የሚታይ ነዋሪ እንጂ ለብቻው የቆመ ዓለም አለመሆኑ ግልጽ እየሆነ ሄደ። የመጨረሻውን ግፊት ያደረገው በ2005 በማይክ ብራውን፣ በቻድ ትሩሂዮና በዴቪድ ራቢኖዊትዝ ይፋ የሆነው፣ በኋላ ኤሪስ የተባለው አካል ነው። በመጀመሪያው ልኬት ኤሪስ ከፕሉቶ የሚበልጥ መስሎ ነበር፤ ዛሬ በስፋት ጥቂት እንደሚያንስ ቢታወቅም፣ በመጠነ ቁስ ግን ከፕሉቶ በሩብ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረ፤ ወይ ኤሪስና ወደፊት የሚገኙት መሰሎቹ ሁሉ ፕላኔት ይባላሉ፣ ወይ ፕሉቶም ከዝርዝሩ ይወጣል።

የፕራጉ ክርክርና ሦስቱ መስፈርቶች

ስያሜን የመወሰን ሥልጣን ያለው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉዳዩን እንዲያጠና በታሪክ ጸሐፊውና በሥነ ፈለክ ምሁሩ ኦወን ጊንግሪች የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በኦገስት 2006 ያቀረበው ረቂቅ ኮከብን የሚዞርና በራሱ ስበት የከበበ አካል ሁሉ ፕላኔት ይባል የሚል ነበር፤ በዚህ መሠረት ሴሬስ፣ ካረንና ኤሪስ ተጨምረው የፕላኔቶቹ ቁጥር ወደ 12 ከፍ ይል ነበር። ረቂቁ ከጉባኤተኞቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በተለይ የአካላትን እንቅስቃሴ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ኡራጓያውያኑ ሁሊዮ ፈርናንዴዝና ጎንዛሎ ታንክሬዲ፣ የአካሉ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ላይ ያለው ኃይልም መታየት እንዳለበት ተከራከሩ። ከብዙ ውይይት በኋላ የጸደቀው ውሳኔ የእነርሱን ሐሳብ የያዘ ሆነ።

በውሳኔው መሠረት በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ፕላኔት የሚባለው አካል ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ የሚዞረው ፀሐይን መሆን ይገባዋል፤ ሁለተኛ፣ የራሱ ስበት ወደ ክብ የተጠጋ ቅርጽ እንዲይዝ የሚያስገድደው በቂ መጠነ ቁስ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ሦስተኛ፣ የምህዋሩን አካባቢ ያጠራ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሟልቶ ሦስተኛው የጎደለው፣ የሌላ አካል ጨረቃም ያልሆነ፣ ድንክ ፕላኔት ይባላል፤ ከዚያ የሚያንሱት ደግሞ የሥርዓተ ፀሐይ ትናንሽ አካላት ተብለው ተመድበዋል። ዛሬ ኅብረቱ በድንክ ፕላኔትነት የሚያውቃቸው ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ኤሪስ፣ ሃውሚያና ማኬማኬ ናቸው።

መስፈርቶቹ የሚለኩት ነገር

የመጀመሪያው መስፈርት ቀላል ቢመስልም ትልቅ ሥራ ይሠራል። የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ 5,268 ኪሎ ሜትር፣ የሳተርን ጨረቃ ታይታን ደግሞ 5,150 ኪሎ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያላቸው በመሆናቸው፣ 4,879 ኪሎ ሜትር ከሆነው ከሜርኩሪ ይሰፋሉ፤ ሆኖም የሚዞሩት ፀሐይን ሳይሆን ሌላ ፕላኔትን ስለሆነ በጨረቃነት ይቀራሉ። ከዚህ የምንረዳው የአካሉ ስፋት ብቻውን የፕላኔትነት መለኪያ ሆኖ እንደማያውቅ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት የሚነሣው ከስበትና ከቁስ ጥንካሬ ግጥሚያ ነው። ትንሽ አካል ስበቱ ደካማ ስለሆነ ድንጋዩ ወይም በረዶው የያዘውን የተዛባ ቅርጽ እንደያዘ ይኖራል፤ መጠነ ቁሱ ሲጨምር ግን ስበቱ የቁሱን ጥንካሬ አሸንፎ ሁሉንም ነገር ወደ ማዕከሉ እኩል ስለሚስብ አካሉ ይከባል። ተመራማሪዎች ይህን ሁኔታ ሃይድሮስታቲክ ሚዛን ይሉታል፤ በአካሉ ውስጥ ወደ ውስጥ የሚስበው ስበትና ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ተመጣጥነው የሚቆሙበት ሁኔታ ማለት ነው። የዚህ መስፈርት ድክመት ቁርጥ ያለ ወሰን የሌለው መሆኑ ነው። በረዶ ከድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ስለሚበገር፣ የሳተርን በረዷማ ጨረቃ ማይመስ 400 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ዲያሜትር ክብ ስትሆን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ድንጋያማው ቬስታ ግን ሙሉ በሙሉ አልከበበም። ከዚህም በላይ የሩቅ አካላትን ትክክለኛ ቅርጽ ከምድር ሆኖ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።

ብዙ ክርክር ያስነሣው ሦስተኛው መስፈርት ነው። አካባቢን ማጥራት ሲባል በምህዋሩ ላይ አንዲት ጠጠር እንኳ አልቀረችም ማለት ሳይሆን፣ አካሉ በረጅም ዘመን ውስጥ በስበቱ አማካይነት በዙሪያው የነበሩትን ወይ ወደ ራሱ አጋጭቶ አዋሕዷል፣ ወይ ርቀው እንዲሄዱ ወርውሯል፣ ወይ ደግሞ በራሱ ሥርዓት እንዲጓዙ አስገድዷል ማለት ነው። በጁፒተር ምህዋር ላይ ከፊቱና ከኋላው የሚጓዙ ከ10,000 በላይ አስትሮይዶች ይታወቃሉ፤ ነገር ግን እዚያ የሚቆዩት ጁፒተርና ፀሐይ በጋራ በሚወስኑላቸው ቦታ ስለሆነ፣ መኖራቸው የጁፒተርን የበላይነት ይመሰክራል እንጂ አይሽረውም። ፕሉቶ ራሱ በኔፕቲዩን ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኔፕቲዩን ፀሐይን ሦስት ጊዜ ሲዞር ፕሉቶ በትክክል ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ መንገዳቸው የሚቀራረብ ቢመስልም ሁለቱ አካላት ከቶ አይገናኙም።

ይህ የበላይነት በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ነው። ስቲቨን ሶተር በ2006 ባቀረበው ጥናት የአንድን አካል መጠነ ቁስ በምህዋሩ አካባቢ ላሉት ሌሎች አካላት ጠቅላላ መጠነ ቁስ በማካፈል ንጽጽር አድርጓል። በዚህ ስሌት ምድር ከአካባቢዋ ቀሪ አካላት ሁሉ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ኔፕቲዩንም 24,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። የሴሬስ ውጤት ግን 0.33፣ የፕሉቶ ደግሞ 0.08 ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ማለት ፕሉቶ ከጎረቤቶቹ ድምር እንኳ ከዐሥር እጅ አንዱን አያህልም። የስምንቱ ፕላኔቶች ውጤት ሁሉ በሺዎችና ከዚያ በላይ ሲቆጠር የሌሎቹ ከአንድ በታች መሆኑና በመካከል ምንም አካል አለመገኘቱ፣ ልዩነቱ የጉባኤተኞች ፈቃድ የፈጠረው እንዳልሆነ ያሳያል። ፕላኔቶች ሥርዓተ ፀሐይ ሲመሠረት በዙሪያቸው የነበረውን ቁስ ጠራርገው ያደጉ ሲሆኑ፣ አስትሮይዶችና የካይፐር ቀበቶ አካላት ግን ያ ዕድገት ሳይጠናቀቅ የቀሩ ናቸው።

የተቃዋሚዎች ሐሳብ

ውሳኔው ግን ሁሉንም አላሳመነም። በመጨረሻው ቀን በአዳራሹ የነበሩት 424 ያህል መራጮች ከኅብረቱ አባላት ዐሥር በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ይህን ያነሡ ተቃዋሚዎች የሳይንሱ ማኅበረሰብ በአግባቡ አልተወከለም ብለው ተከራክረዋል። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወደ ፕሉቶ የተላከችውን የኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር ምርምር የመራው አለን ስተርን ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደሙ ነው። የእርሱና የመሰሎቹ ዋና ነጥብ የአንድ ነገር ማንነት በቦታው ሳይሆን በራሱ ባሕርይ መወሰን አለበት የሚል ነው። ከፀሐይ በራቁ ቁጥር ምህዋሩ ስለሚሰፋና ጉዞው ስለሚዘገይ፣ አካባቢን ለማጥራት የሚያስፈልገው መጠነ ቁስ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሜርኩሪን የሚያህል አካል ለፀሐይ ሲቀርብ ፕላኔት፣ በካይፐር ቀበቶ ሲሆን ግን ድንክ ፕላኔት ሊባል ይችላል።

መንኮራኩሯ በጁላይ 14 ቀን 2015 በፕሉቶ አጠገብ ስታልፍ የላከቻቸው ምስሎች ለዚህ ወገን ተጨማሪ ጉልበት ሰጡት። በሺዎች ሜትር የሚቆጠር ከፍታ ያላቸው የውሃ በረዶ ተራሮች፣ በዝግታ የሚገላበጥ ሰፊ የናይትሮጅን በረዶ ሜዳና ስስ ከባቢ አየር ያለው አካል፣ በሥነ ምድር ተመራማሪ ዓይን ከማርስ ጋር እንጂ ከተራ የድንጋይ ስባሪ ጋር አይመደብም። እነዚህ ምሁራን የሚያቀርቡት ክብ የሆነውን ሁሉ የሚያጠቃልል አመዳደብ ጨረቃችንን ጨምሮ የፕላኔቶቹን ቁጥር ከመቶ በላይ ያደርሰዋል። በእርግጥ ሁለቱ ወገኖች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አይደለም፤ አንዱ የአካሉን ውስጣዊ ባሕርይ፣ ሌላው አካሉ በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ሚና ያጠናል። አመዳደብ መሣሪያ እንደመሆኑ ሁለቱም ለየሥራቸው ይጠቅማሉ፤ የሥርዓተ ፀሐይን አወቃቀርና አመጣጥ ለማስረዳት ግን ሚናን የሚለካው መስፈርት የተሻለ ጠርቶ ይለያል።

ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ያሉ ፕላኔቶች

የፕራጉ ውሳኔ ያልመለሰው ሰፊ ጥያቄም አለ፤ አንደኛው መስፈርት ፀሐይን በስም ስለሚጠቅስ፣ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩትን አካላት አይመለከትም። ሚሼል ማየርና ዲዲየ ኬሎ በ1995 ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት ካገኙ ወዲህ (ለዚህም ግኝት የ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል) የተረጋገጡት የሩቅ ፕላኔቶች ቁጥር ከ5,000 በላይ ሆኗል። በእነዚህ ላይ አስቸጋሪው ወሰን የታችኛው ብቻ ሳይሆን የላይኛውም ነው። መጠነ ቁሱ ከጁፒተር 13 እጥፍ ገደማ ያለፈ አካል በውስጡ ዲዩቴሪየም የተባለውን ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት በኒውክሌር ውሕደት ማቃጠል ስለሚጀምር፣ ከፕላኔት አልፎ ቡናማ ድንክ ከሚባሉት፣ በፕላኔትና በኮከብ መካከል ከሚገኙት አካላት ይመደባል። ሙሉ ኮከብ ለመሆን ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልገዋል።

የሩቅ ፕላኔቶችን ክብነትም ሆነ የአካባቢያቸውን ጥራት በቀጥታ ማየት ስለማይቻል፣ ዣን ሉክ ማርጎ፣ ብሬት ግላድማንና ቶኒ ያንግ በ2024 በመጠነ ቁስ ላይ ብቻ የቆመ አዲስ ትርጓሜ አቀረቡ። በእነርሱ ሐሳብ ፕላኔት ማለት ኮከብን፣ ቡናማ ድንክን ወይም የሞተ ኮከብን ቅሪት የሚዞር፣ መጠነ ቁሱም ከምድር አንድ ስድሳኛ ገደማ ጀምሮ ከጁፒተር 13 እጥፍ በታች የሆነ አካል ነው። ሜርኩሪ ከታችኛው ወሰን ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ያልፋል፤ ፕሉቶ ግን ከወሰኑ ከሰባት ጊዜ በላይ ስለሚያንስ በዚህም መለኪያ ይወድቃል። ሐሳቡ በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን በተካሄደው፣ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው በሆነው የኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ ለውይይት ቀርቧል፤ ይሁንና ድምፅ ስላልተሰጠበት የ2006ቱ ውሳኔ አሁንም ጸንቶ ይገኛል።

መስፈርቱ ወደፊት የሚፈተንበት አጋጣሚም ሩቅ ላይሆን ይችላል። ኤሪስን ካገኙት አንዱ የሆነው ማይክ ብራውንና የሥራ ባልደረባው ኮንስታንቲን ባቲጊን በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ የሩቅ አካላት ምህዋር ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰባሰበው ከምድር ብዙ እጥፍ የሚከብድ፣ እስካሁን ያልታየ ፕላኔት ስለሚስባቸው ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ይህ መላ ምት ገና አልተረጋገጠም፤ ማብራሪያውን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎችም አሉ። በቺሊ የተተከለው የቬራ ሩቢን የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ ሰማዩን ደጋግሞ በማንሣት የሚያገኛቸው አካላት ግምቱን ሊያጸኑት ወይም ሊያፈርሱት ይችላሉ። አካሉ በእርግጥ ካለና በሩቅ ጎረቤቶቹ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እንደተገመተው ከሆነ፣ ሦስተኛውን መስፈርት ለማሟላቱ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው ይኸው የተገኘበት መንገድ ነው። የሥርዓተ ፀሐይ ፕላኔቶች ቁጥር እንደገና ዘጠኝ ሊሆን ይችላል፤ በፕራጉ መስፈርት እስከተለካ ድረስ ግን ዘጠነኛው ፕሉቶ አይሆንም።